የዋልታ አሳሾችና የጥልቅ ባሕር ነዳጅ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለፈው እትማችን ወደ ደቡብ ዋልታ ቀድመው ለመድረስ ስለተሽቀዳደሙት ስለ ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰንና ስለ እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮት አንድ ጽሑፍ አቅርበን ነበር። የጽሑፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አንታርክቲካ ነዳጅም ሆነ ማዕድን እንዳይወጣባት በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለች ብቸኛ አህጉር መሆኗን ይገልጽ ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አሳሾቹ ሳይሆን ስለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለጉዳዩ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹ ለቦታ ሲባል አጥረዋል፤ በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አሙንድሰንም ሆነ ስኮት የሄዱት ለክብርና ለሳይንስ እንጂ ነዳጅ ፍለጋ አልነበረም። የእነርሱን ታሪክ ከዛሬው የነዳጅ ክርክር ጋር ማያያዝ ታሪኩን መጠምዘዝ አይሆንም?

መልስ፦ አሙንድሰን ዲሴምበር 14 ቀን 1911 ደቡብ ዋልታ ሲደርስም ሆነ ስኮትና አራት ባልደረቦቹ ከአንድ ወር በኋላ ተከትለው ሲደርሱ በልባቸው የነዳጅ ሐሳብ እንዳልነበረ እኔም እስማማለሁ። ሆኖም ስኮትና ጓዶቹ በመልስ ጉዟቸው፣ ስንቃቸው እያለቀና ጉልበታቸው እየከዳቸው፣ በቤርድሞር ግግር በረዶ ዳር ከሚገኝ ተራራ ሥር ቆመው 16 ኪሎ ግራም ያህል ድንጋይ ሰብስበው ነበር። በኖቬምበር 1912 የስኮትና የሁለት ጓዶቹ አስከሬን በድንኳናቸው ውስጥ ሲገኝ ድንጋዮቹም አብረዋቸው ተገኙ፤ ሞት እያንዣበበባቸው እንኳ ሸክሙን አልጣሉትም ነበር። በድንጋዮቹ ላይ ግሎሶፕተሪስ የተባለ የጥንት ዛፍ ቅጠል ቅሪተ አካል ታየ። የዚህ ዛፍ ቅሪት በሕንድ፣ በአፍሪካ፣ በአውስትራሊያና በደቡብ አሜሪካም ስለሚገኝ፣ እነዚህ ምድሮች በሩቅ ዘመን አንድ አህጉር እንደ ነበሩና አንታርክቲካም በዚያ ዘመን ደን ለብሳ እንደ ነበር ከሚመሰክሩት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። ከስኮት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው በረዶ ላይ ያለፈው የኧርነስት ሻክልተን ቡድንም የድንጋይ ከሰል ንብርብር አይቶ ተመልሷል። ከሰል ካለ፣ በዙሪያው ባለው የባሕር ደለል ውስጥ ነዳጅና ጋዝ ሊኖር ይችላል ብሎ መጠርጠር ለጂኦሎጂ ባለሙያ አይከብደውም።

ጥርጣሬው ወደ ማስረጃ የተጠጋው በ1973 መጀመሪያ ላይ ነው። ግሎማር ቻሌንጀር የተባለች አሜሪካዊት የምርምር መርከብ የሮስን ባሕር ወለል ለሳይንስ ስትቆፍር የሚቴንና የኢቴን ጋዝ ምልክት አገኘች። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ዋጋውን ሰማይ አስነካው፤ በእኛም አገር በ1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችን ለአድማ ያስነሣው የቤንዚን ዋጋ ጭማሪ የዚያው ቀውስ ውጤት ነበር። ከዚያ በኋላ አንታርክቲካ ለመንግሥታት የሳይንስ ምድር ብቻ መሆኗ ቀረ። አሳሾቹ ነዳጅ አልፈለጉም፤ ነገር ግን መንገዱን የከፈቱት፣ ካርታውን የሠሩት፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ ያመጡት እነርሱ ስለሆኑ ታሪኩን ከእነርሱ መጀመር ተገቢ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ በሕግ ሙያ የተሰማራሁ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። ሀብት ሊኖር እንደሚችል እያወቁ ኃያላን መንግሥታት በፈቃዳቸው እጃቸውን ሰበሰቡ ማለት ለማመን ያስቸግረኛል። ማን አስገደዳቸው?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ እጃቸውን አልሰበሰቡም። በዲሴምበር 1959 አሥራ ሁለት አገሮች በዋሽንግተን የፈረሙት የአንታርክቲካ ስምምነት አህጉሪቱን ለሰላምና ለሳይንስ ብቻ አዋለ፤ የሰባት አገሮችን የይዞታ ጥያቄም ባለበት አቆመ፤ ስለ ማዕድን ግን አንዳች አልተናገረም። ያንን ክፍተት ለመሙላት የተጀመረው ድርድር በጁን 1988 በዌሊንግተን አንድ ሰነድ ወለደ። ሰነዱ ብዙ ቅድመ ሁኔታ ቢደረድርም በመሠረቱ ማዕድንና ነዳጅ ማውጣትን የሚፈቅድ ነበር። ስለዚህ በ1988 መጨረሻ ዓለም እየተጓዘች የነበረው ወደ ቁፋሮ ነው።

በ1989 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሆነው ነገር ግን ሐሳብ አስለወጠ። በጃንዋሪ ባሂያ ፓራይሶ የተባለች የአርጀንቲና መርከብ በአሜሪካው ፓልመር የምርምር ጣቢያ አጠገብ ከዐለት ተላትማ ሰጠመችና 600,000 ሊትር ያህል ነዳጅ የወፎችና የፔንግዊኖች መራቢያ በሆነው ባሕር ላይ ፈሰሰ። በማርች 24 ደግሞ በሌላው የምድር ጫፍ፣ በአላስካ፣ ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ 40 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ አፈሰሰች። በዚያው ዓመት የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦብ ሆክና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሚሼል ሮካር የዌሊንግተኑን ሰነድ እንደማይቀበሉ አስታወቁ። ሰነዱ ሥራ ላይ እንዲውል የይዞታ ጥያቄ ያላቸው አገሮች ሁሉ ማጽደቃቸው ግድ ስለ ነበር፣ የሁለቱ እምቢታ ብቻውን ገደለው።

ከሁለቱ መሪዎች ጀርባ ግን ሕዝብ ነበረ። የባሕር አሳሹ ዣክ ኩስቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስቧል። ግሪንፒስ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ደግሞ ከ1987 ጀምሮ በአንታርክቲካ በኬፕ ኢቫንስ፣ ስኮት ወደ ዋልታ ከተነሣበትና ዛሬም ከቆመው የእንጨት ቤት አጠገብ፣ የራሱን ጣቢያ ተክሎ ጥቂት ሰዎች በዚያ እንዲከርሙ አድርጎ ነበር። ሥራቸው በየመንግሥታቱ የምርምር ጣቢያዎች ዙሪያ የተጣለውን ቆሻሻ እየዞሩ መመዝገብና ለዓለም ማሳየት ሲሆን፣ ጥያቄያቸው አህጉሪቱ «የዓለም ፓርክ» ትሁን የሚል ነበር። ከጁላይ 1989 እስከ ማርች 1990 ድረስ ደግሞ አሜሪካዊው ዊል ስቴገርና ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ኤትየን የመሩት ከስድስት አገሮች የተውጣጣ የስድስት ሰዎች ቡድን በውሻ በሚጎተት ሸርተቴ 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አህጉሪቱን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠ። ዓላማቸው የዓለምን ዓይን ወደ ስምምነቱ ማዞር እንደ ሆነ አስቀድመው ተናግረዋል። ከስድስቱ አንዱ በመንገዱ ሁሉ የበረዶ ናሙና ሲሰበስብ የነበረው ቻይናዊው ቺን ዳሄ ሲሆን፣ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንቲስቶች ጉባኤን የመጀመሪያውን የሥራ ቡድን ከመሩት አንዱ ሆኗል። የአሳሽነትና የተሟጋችነት ሥራ አንድ ላይ ሲገናኝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ኦክቶበር 4 ቀን 1991 በማድሪድ የተፈረመው የአንታርክቲካ ስምምነት ተጨማሪ ሰነድ (ፕሮቶኮል) በሰባተኛው አንቀጹ፣ ለሳይንስ ምርምር ካልሆነ በቀር ከማዕድን ሀብት ጋር የተያያዘ ማንኛውንም ሥራ ከለከለ፤ ሥራ ላይ የዋለውም በጃንዋሪ 1998 ነው። አሙንድሰንን ለድል ያበቁት ውሾች ሳይቀሩ በዚሁ ፕሮቶኮል መሠረት በ1994 ከአህጉሪቱ እንዲወጡ ተደርጓል። ማን አስገደዳቸው ለሚለው ጥያቄዎ የራሴን ፍርድ ልጨምር፦ ክልከላው የተቻለው ነዳጁ ገና በእርግጠኝነት ስላልተገኘ ነው። ገንዘቡን ያፈሰሰ ኩባንያ፣ ግብሩን የለመደ መንግሥት፣ ሥራውን የሚያጣ ሠራተኛ በ1991 በአንታርክቲካ አልነበረም። በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ያለው ትግል እጅግ የከበደው ይህ ሁሉ ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በአንታርክቲካ ቁፋሮ ሁሉ ክልክል ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ለሳይንስ የሚደረግ ቁፋሮ ተፈቅዷል፤ እንዲያውም ስለ ምድር አየር ንብረት ከምናውቀው ብዙው የተገኘው በእርሱ ነው። የአውሮፓ ሳይንቲስቶች ዶም ሲ በተባለው ቦታ ከ3,000 ሜትር በላይ በረዶ ቆፍረው፣ በውስጡ ታምቀው የቀሩትን የአየር አረፋዎች በመመርመር የ800,000 ዓመታትን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ታሪክ አንብበዋል። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ በሌላ ጉድጓድ 2,800 ሜትር ወርደው ቢያንስ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ በረዶ አውጥተዋል። ይህም ቢሆን ያለ ጭቅጭቅ አይደለም፤ ሩሲያውያን በ2012 ከበረዶ በታች ወዳለው ወደ ቮስቶክ ሐይቅ ሲደርሱ በጉድጓዱ ውስጥ የተሞላው ኬሮሲን ንጹሑን ውኃ ይበክለዋል የሚል ሥጋት ከሌሎች ሳይንቲስቶች ተነሥቶ ነበር።

ጥያቄ፦ በአቡ ዳቢ በነዳጅ ዘርፍ በቴክኒሻንነት እሠራለሁ። ተሟጋቾች የጥልቅ ባሕር ቁፋሮን እንደ ልዩ አደጋ ያቀርቡታል፤ እኔ ግን የደህንነት መሣሪያዎች በየጊዜው ሲሻሻሉ አያለሁ። በቀዝቃዛው ባሕር ላይ ሲሆን ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሙያውን ስለሚያውቁት አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። በዘመቻ ጽሑፎች ውስጥ «አርክቲክ» (የሰሜን ዋልታ አካባቢ) እና «ጥልቅ ባሕር» አዘውትረው አብረው ይጠራሉ፤ ሁልጊዜ ግን አንድ አይደሉም። የሩሲያው የፕሪራዝሎምናያ የነዳጅ ቁፋሮ መድረክ የቆመው 20 ሜትር ያህል ብቻ በሚጠልቅ ባሕር ላይ ነው፤ ሼል በአላስካ ሰሜን በቹክቺ ባሕር የቆፈረበት ቦታም 50 ሜትር አይሞላም። በተለምዶ ጥልቅ የሚባለው ከ300 ሜትር በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ የጥልቀትን አደጋና የበረዶን አደጋ ለየብቻ ማየት ይገባል።

የጥልቀቱን አደጋ ዓለም ያየው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2010 ዲፕወተር ሆራይዘን የተባለው መድረክ ሲፈነዳ ነው። አሥራ አንድ ሠራተኞች ሞቱ። የጉድጓዱ አፍ ያለው ከባሕር በታች 1,500 ሜትር ላይ ነበር። ከጉድጓዱ ግርጌ ያለው ሲሚንቶ ጋዙን መያዝ አልቻለም፤ የግፊት ፍተሻው ውጤት በስሕተት ደህና ነው ተብሎ ተነበበ፤ በባሕሩ ወለል ላይ የተተከለው ግዙፍ የአደጋ ጊዜ መዝጊያም ቧንቧው ስለ ጎበጠ ቆርጦ ሊዘጋው አልቻለም። በዚያ ጥልቀት ጠላቂ ሰው መሥራት ስለማይችል ሁሉም ነገር የሚከናወነው ከላይ በሚታዘዙ ሮቦቶች ነው። በሜይ ወር ነዳጁን ለማፈን የወረደው ከባድ የብረት ክዳን፣ ጋዙና ቀዝቃዛው ውኃ ተዋሕደው በፈጠሩት በረዶ መሰል ክምችት ተደፍኖ ከሸፈ። ፍሰቱ የቆመው ከ87 ቀን በኋላ ሲሆን፣ ወደ ባሕሩ የገባው ከ3 ሚሊዮን በርሜል በላይ እንደ ነበር የአሜሪካ ፍርድ ቤት ወስኗል። ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ መሻሻላቸው እውነት ነው፤ የጉድጓድ አፍ ላይ የሚጫን ክዳን ዛሬ አስቀድሞ ተሠርቶ ይቀመጣል።

በረዷማው ባሕር ላይ ያለው ችግር ግን መሣሪያው ሳይሆን ጊዜውና ርቀቱ ነው። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ወደቡ፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ በሺዎች የሚቆጠረው ጀልባ ሁሉ ቅርብ ነበር። ከቹክቺ ባሕር የቁፋሮ ቦታ እስከ ኮዲያክ የባሕር ጠባቂዎች ጣቢያ ግን ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚህም የሚከፋው፣ የፈነዳ ጉድጓድ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚገደለው ከጎን በሚቆፈር ሁለተኛ ጉድጓድ ሲሆን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እርሱ ብቻውን ከአራት ወር በላይ ፈጅቷል፤ የቹክቺ ባሕር ደግሞ ከበረዶ ነጻ የሚሆነው በዓመት ከሦስት እስከ አራት ወር ነው። በሴፕቴምበር አንድ ጉድጓድ ቢፈነዳ እስከሚቀጥለው በጋ ድረስ ነዳጁ ከበረዶ ሥር ሲፈስ ሊከርም ይችላል። ከበረዶ ሥር የገባ ነዳጅ በረዶው ውስጥ ታስሮ ይጓዛል፤ የሚለቀቀውም በረዶው ሲሰነጠቅ፣ ወፎች፣ ሲል የተባሉት የባሕር እንስሳትና ዓሣ ነባሪዎች ለመተንፈስና ለመመገብ በሚሰበሰቡበት ስንጥቅ ላይ ነው። በውኃ ላይ ተዘርግተው ነዳጁን የሚከቱት አጥሮችም በተሰባበረ በረዶ መካከል አይሠሩም። መሣሪያ ቢሻሻልም ክረምቱ አያጥርም።

ጥያቄ፦ በሲያትል እኖራለሁ። በ2015 የሼልን መድረክ ለመቃወም በካያክ የወጡትን ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። ሼልን ያስቆሙት በእርግጥ እነርሱ ናቸው?

መልስ፦ ያዩት ምናልባት የሜይ 16ቱን ሰልፍ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በካያክ ተሳፍረው ፖላር ፓየኒር ወደተባለው መድረክ የቀዘፉበት ቀን ነበር። መድረኩ ግን በጁን ወደ ሰሜን ሄደ። በጁላይ መጨረሻም 13 የግሪንፒስ ተሟጋቾች በፖርትላንድ ከአንድ ድልድይ ላይ በገመድ ተንጠልጥለው ፌኒካ የተባለችውን የሼል አጋዥ መርከብ መንገድ ዘጉ፤ እርሷም ዘግይታ ቢሆንም አለፈች። ሼል ቁፋሮውን መተዉን ያስታወቀው ሴፕቴምበር 28 ቀን 2015 ነው። የሰጠውም ምክንያት የተቆፈረው ጉድጓድ በቂ ነዳጅና ጋዝ አለማሳየቱ፣ ወጪው መብዛቱና የመንግሥት ቁጥጥሩ አስቸጋሪ መሆኑ ነበር። እስከዚያ ቀን 7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበታል።

ጉዳዩን በቅርብ ላየው ሰው ዋናው ሥራ የተሠራው ከካያኮቹ ቀደም ብሎ ነው። ሼል በ2008 ለቹክቺ ባሕር ፈቃድ 2.1 ቢሊዮን ዶላር ሲከፍል፣ በባሕሩ ዳርቻ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ ነባሪ እያደነ የሚኖረው የፖይንት ሆፕ የኢኑፒያት ማኅበረሰብ ከአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች ጋር ሆኖ መንግሥትን ከሰሰ። በጃንዋሪ 2014 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ መንግሥት የአካባቢ ጥናቱን ያካሄደው ከአካባቢው የሚወጣው ነዳጅ አንድ ቢሊዮን በርሜል ብቻ ነው በሚል ያለ በቂ ምክንያት በተያዘ ግምት እንደ ሆነ ወሰነ፤ ሼልም የዚያን ዓመት ቁፋሮ ሰረዘ። ከዚያ በፊት በዲሴምበር 31 ቀን 2012 ኩሉክ የተባለው የኩባንያው ሌላ የቁፋሮ መድረክ በማዕበል ከሚጎትተው መርከብ ተቆርጦ በአላስካ ደሴት ዳር ዐለት ላይ ወጥቶ ነበር። በእነዚህ ምክንያቶች ዓመታት እያለፉ፣ በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው የአንድ በርሜል ዋጋ ሼል በመጨረሻ ሲቆፍር በግማሽ ወርዶ ጠበቀው። ተቃውሞው ዋጋውን አላወረደም፣ ጉድጓዱንም አላደረቀም፤ ያደረገው ማዘግየት ነው፤ በዚያ ዐይነት ውድ ፕሮጀክት ላይ ደግሞ መዘግየት ብዙ ጊዜ ለመሞት ይበቃል። ለእኔ የዚህ ድል ትልቁ ድርሻ የፖይንት ሆፕ ነዋሪዎች ነው፤ ፎቶግራፋቸው እንደ ካያኮቹ ዓለምን አለማዳረሱም ያሳዝነኛል።

ድሉ ግን የጸና አይደለም። ፕሬዚዳንት ኦባማ በዲሴምበር 2016 አብዛኛውን የአሜሪካ አርክቲክ ባሕር ለነዳጅ ፈቃድ ዘጉት፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ2017 ከፈቱት፤ ፍርድ ቤት በ2019 መክፈቱን ሻረ፤ ፕሬዚዳንት ባይደን በ2021 መልሰው ዘጉት፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ2025 እንደገና የመክፈት ትእዛዝ ፈረሙ። ለደቡብ ዋልታ ያለው ዐይነት ስምምነት ለሰሜኑ ስለሌለ ተሟጋቾቹ የሚከራከሩት በእያንዳንዱ ፈቃድ፣ በእያንዳንዱ ፊርማ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በኖርዌይ፣ በስታቫንገር ነው። ይህች አገር ብዙ ነገሯን የሠራችው ከነዳጅ ባገኘችው ገቢ ነው። ተሟጋቾች ግን የሰው ንብረት ላይ ወጥተው ሕግ ይጥሳሉ። ሕግ እየጣሱ የሚደረግ ትግል እንዴት ይደገፋል?

መልስ፦ ጥያቄዎ የሚያስታውሰኝ የሴፕቴምበር 2013ቱን ጉዳይ ነው። ሁለት የግሪንፒስ ተሟጋቾች ጋዝፕሮም የተባለውን የሩሲያ ኩባንያ የፕሪራዝሎምናያ መድረክ ለመውጣት ሲሞክሩ ተያዙ፤ በማግስቱ የታጠቁ የሩሲያ ወታደሮች ከሄሊኮፕተር በገመድ ወርደው አርክቲክ ሰንራይዝ የተባለችውን የግሪንፒስ መርከብ ያዙ፤ የታሰሩትም በጠቅላላው 28 ተሟጋቾችና 2 ጋዜጠኞች ነበሩ። መጀመሪያ የተከሰሱት በባሕር ላይ ውንብድና ነበር። መርከቧ የኔዘርላንድስን ባንዲራ ስለምታውለበልብ ኔዘርላንድስ ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት ወሰደችው፤ በኖቬምበርም ሰዎቹና መርከቧ በዋስትና እንዲለቀቁ ተወሰነ። ሰዎቹ በዓመቱ መጨረሻ በምሕረት ከክሱ ነጻ ሆኑ፤ በ2015 የግልግል ችሎቱ መርከቧ መያዟ ሕገ ወጥ እንደ ነበር በየነ፤ በ2019 ሩሲያ 2.7 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ከኔዘርላንድስ ጋር ተስማማች። መድረኩ ላይ መውጣት ትክክል ነው አልልም፤ ባለ ንብረቱ መብት አለው። ነገር ግን ያልታጠቀን ሰው በውንብድና መክሰስና ለሁለት ወር ያህል ማሰር ከጥፋቱ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ነዳጁም ከመውጣት አልቀረም፤ የመጀመሪያው ጭነት በ2014 ወጥቷል።

ሕግን የተከተለ ትግልም አለ፤ ውጤቱም እንደየአገሩ ይለያያል። በእርስዎ አገር ወጣቶችና ግሪንፒስ በባረንትስ ባሕር የተሰጡትን ፈቃዶች በሕገ መንግሥቱ መሠረት ተቃውመው በዲሴምበር 2020 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሸንፈዋል። በካናዳ ግን የክላይድ ሪቨር የኢንዊት ተወላጆች መንደር ነዳጅ ለመፈለግ በባሕር ውስጥ የሚደረገውን ከባድ የድምፅ ፍንዳታ ተቃውማ በጁላይ 2017 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሸነፈች። በዚያ ክርክር ግሪንፒስ ከመንደሯ ጎን መቆሙ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ቀደም ሲል የሲል አደንን በመቃወም ያካሄደው ዘመቻ የኢንዊቶችን ኑሮ ጎድቶ ስለ ነበር የካናዳው ቅርንጫፍ በ2014 በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ግሪንላንድ ደግሞ፣ በ2010 እና በ2011 የስኮትላንዱ ኬርን ኩባንያ በውኃዋ ቆፍሮ ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ ካጣ በኋላ፣ በጁላይ 2021 አዲስ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ መስጠት አቆመች፤ ይህንን የወሰነው ከዚያው ከደሴቲቱ ሕዝብ የተመረጠ መንግሥት ነው። የኖርዌይ መንግሥት አብላጫውን ድርሻ የያዘበት ኤኩዊኖርም ከደቡብ አውስትራሊያ ዳርቻ ወዲያ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ባሕር ሊቆፍር ያቀደውን ጉድጓድ ከባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ብርቱ ተቃውሞ ከገጠመው በኋላ በፌብሩዋሪ 2020 ትቶታል። ኩባንያው የጠቀሰው ምክንያት ግን አዋጭነት ነው።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ በትራንስፖርት ሥራ ላይ ነኝ። ባሕር የሌለን እኛን የዋልታው ነዳጅ ምን ያገባናል?

መልስ፦ የዋልታው ጉድጓድ በቀጥታ አይነካን ይሆናል፤ በባሕር ላይ የሚፈስ ነዳጅ ግን ይነካናል። ከየመን ዳርቻ ወዲያ በቀይ ባሕር ላይ ለዓመታት እየዛገች የቆየችው ሴፈር የተባለች የነዳጅ ማከማቻ መርከብ ከአንድ ሚሊዮን በርሜል በላይ ይዛ ነበር፤ ነዳጁ ቢፈስ ኖሮ ኤክሰን ቫልዴዝ ካፈሰሰችው አራት እጥፍ ሊሆን ይችል ነበር። በባብ ኤል መንደብ በኩል የሚያልፉት መርከቦች ቢቆሙ፣ ወይም ነዳጁ ጅቡቲ ወደብ ቢደርስ፣ እርስዎ በየቀኑ የሚያመላልሱት ጭነት የሚገባው በዚያው በር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከመንግሥታት፣ ከድርጅቶችና ከተራ ሰዎች ባሰባሰበው ገንዘብ በኦገስት 2023 ነዳጁን ወደ ሌላ መርከብ አዛውሮ ጨርሷል። ለዓመታት ሳይታክቱ አደጋውን ሲያሳስቡ ከነበሩት መካከል እነዚሁ የዋልታውን ቁፋሮ የሚቃወሙ ድርጅቶች ይገኙበታል።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ዲሲ እጽፋለሁ። አንዲት የሩሲያ መርከብ በአንታርክቲካ ባሕር ብዙ ነዳጅ አገኘች ሲባል ሰምቻለሁ፤ ክልከላውም በ2048 ያበቃል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሁለቱን ልለያያቸው። አካዳሚክ አሌክሳንደር ካርፒንስኪ የተባለችው መርከብ የምታደርገው ሞገድ ወደ ባሕር ወለል ልኮ የደለሉን አቀማመጥ የማጥናት ሥራ ነው። በ2020 የሩሲያ የመንግሥት የጂኦሎጂ ድርጅት ራሱ ጥናቱ የነዳጅና የጋዝ ተስፋን የሚመለከት መሆኑን ገልጾ የ70 ቢሊዮን ቶን ያህል ግምት አስታውቋል፤ ጉዳዩም በሜይ 2024 በእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ተነሥቷል። ሩሲያ ሥራው ሳይንስ ነው ትላለች። ጉድጓድ አልተቆፈረም፤ ስለዚህ «ተገኘ» የሚለው ቃል ከእውነቱ ይርቃል። ነገር ግን ሳይንስ ይፈቀዳል የሚለው የፕሮቶኮሉ በር ለነዳጅ ፍለጋ መሸፈኛ እንዳይሆን መሥጋት ተገቢ ነው፤ እኔም ሥጋቱን እጋራለሁ። አባል አገሮቹ በ2016 በሳንቲያጎ ባደረጉት ስብሰባ ለክልከላው ያላቸውን ታማኝነት በውሳኔ አድሰዋል።

ክልከላው ግን የሚያበቃበት ቀን የለውም። በ1986 ደቡብ ዋልታን፣ በ1989 ሰሜን ዋልታን በእግሩ የደረሰው እንግሊዛዊው አሳሽ ሮበርት ስዋን ያቋቋመውን ድርጅት «2041» ብሎ የሰየመው ከማድሪዱ ፊርማ ሃምሳ ዓመት ቆጥሮ ነው። ፕሮቶኮሉ ግን የሚቆጥረው ሥራ ላይ ከዋለበት ከ1998 ስለሆነ 2048 ይመጣል። በዚያ ዓመት የሚሆነው፣ በስምምነቱ ስብሰባዎች ድምፅ የመስጠት መብት ያለው ማንኛውም አገር የፕሮቶኮሉን አፈጻጸም የሚገመግም ጉባኤ እንዲጠራ መጠየቅ መቻሉ ብቻ ነው። ጉባኤው ክልከላውን ለማንሣት ቢያስብ፣ ማሻሻያውን መብቱ ካላቸው አገሮች ሦስት አራተኛው ማጽደቅ አለባቸው፤ ከእነዚህም መካከል በ1991 መብቱ የነበራቸው 26ቱም አገሮች ሳይጎድሉ መኖር አለባቸው። በዚያ ላይ የማዕድን ሥራን የሚገዛ አስገዳጅ ሕግ አስቀድሞ ሥራ ላይ መዋል ይኖርበታል። የሕግ ባለሙያዎችን የሚያሳስበው ቀዳዳ ሌላ ነው፤ በጉባኤው ተቀባይነት ያገኘ ማሻሻያ በሦስት ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ ካልዋለ ማንኛውም አገር ከፕሮቶኮሉ እንደሚወጣ ማስታወቅ ይችላል፤ መውጣቱም ከሁለት ዓመት በኋላ ይጸናል። ከ2048 በፊት ደግሞ ክልከላውን ማሻሻል የሚቻለው መብቱ ያላቸው አገሮች ሁሉ በአንድ ድምፅ ከተስማሙ ብቻ ነው።